መልእክቱ ይመላለስ፣ ሕመምተኛው ይረፍ

(በሆሳዕና ለፕሮጀክት ሠራተኞችና ለአጥቢያ ተወካዮች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የአጥቢያ ሽማግሌዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ በየወረዳው የምትሠሩ የፕሮጀክት ባልደረቦቻችን፣

ከዱራሜ፣ ከሺንሺቾ፣ ከአንጋጫ፣ ከሾኔ፣ ከጊምቢቹና ከሆመቾ የተነሣችሁ ሁሉ ዛሬ ጧት የወረዳችሁት ሆሳዕና መናኸሪያ ነው። እኛም ንግግራችንን ከዚያው ከምታውቁት ቦታ እንጀምራለን። የተሰጠን ርእስ ስልክ፣ ታብሌትና ኮምፒዩተርን የመሳሰሉ አዳዲስ መሣሪያዎች በሕክምና አገልግሎት ረገድ በሀብታምና በድኻ፣ በከተሜና በባላገር መካከል ያለውን ልዩነት ለማጥበብ ምን ሊረዱ እንደሚችሉ የሚመለከት ነው። ርእሱ ሲሰሙት የመሐንዲሶች ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን መናኸሪያውን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ሁሉ ሊናገርበት የሚችል ጉዳይ ነው።

መናኸሪያው ምን ያሳየናል?

በመናኸሪያው ሕመምተኛን መለየት አያስቸግርም። ጋቢ ተከናንቦ፣ በአስታማሚው ትከሻ ተደግፎ፣ መኪናው እስኪሞላ የሚጠብቅ ሰው ነው። በአስታማሚው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አለ። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የተላከበት የሪፈር ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ቢጠፋ ወይም ዝናብ ቢያበሰብሰው እስከዚያ ሰዓት የተደረገለት ምርመራ ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ ሆስፒታል ሲደርስም ነገሩ እንደገና ከ«ምንህን ነው የሚያምህ?» ይጀምራል።

ይህ ሰው ለመጓጓዣና ለመድኃኒት በግ ሸጦ ወይም ከዕድሩ ተበድሮ የመጣ ሊሆን ይችላል። እርሱን ሊያስታምም የመጣው ዘመድም እርሻውን ወይም የቀን ሥራውን ጥሎ ነው። በሆሳዕና ከተማ የሚኖረው ሰው ግን ያንኑ ሕመም ቢታመም በባጃጅ ደርሶ ለምሳ ቤቱ ይመለሳል። ሕመሙ አንድ ሆኖ ሳለ ለአንዱ የግማሽ ቀን፣ ለሌላው የሦስት ቀን ጉዳይ ይሆናል። ልዩነት የምንለው ይህንን ነው።

እንግዲህ የዚህን ሰው ጉዞዎች አንድ በአንድ እንለያቸው። ሦስት ዐይነት ናቸው።

የመጀመሪያው የግድ የሆነ ጉዞ ነው። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው፣ ምጥ የጠናባት እናት፣ ደም የሚሰጠው ሕመምተኛ ሆስፒታል መድረስ አለበት። በዚህ ላይ ስልክ ምንም ሊተካ አይችልም።

ሁለተኛው ወሬ ፍለጋ የሚደረግ ጉዞ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት ደርሶ እንደሆነ ለማየት፣ ቀጠሮው ለየትኛው ቀን እንደሆነ ለመጠየቅ፣ ሐኪሙ ዛሬ መግባቱን ለማወቅ ይመጣል። ደርሶም «የራጅ መሣሪያው ተበላሽቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ና» ይባላል። ለአንድ ዐረፍተ ነገር መልስ ሙሉ ቀንና የአንድ በግ ግማሽ ዋጋ ይከፍላል።

ሦስተኛው የመልስ ጉዞ ነው። ታክሞ ወደ ቀበሌው ይመለሳል፤ ነገር ግን ምን እንደታከመ፣ ምን መድኃኒት እንደታዘዘለት፣ መቼ መታየት እንዳለበት የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አታውቅም። የሚነግራትም የለም። ስለዚህ መድኃኒቱን ቢያቋርጥ «ለምን?» የሚለው ሰው አይኖርም።

በዚህ ንግግር የምንለው ነገር አንድ ነው። አዲሶቹ መሣሪያዎች የሁለተኛውን ጉዞ ሊያስቀሩ፣ የሦስተኛውን ጉድለት ሊሞሉ፣ የመጀመሪያውንም ሊያፋጥኑ ይችላሉ። ይህን ካደረጉ ልዩነቱን አጥብበዋል። ይህን ካላደረጉ ግን የቱንም ያህል ቢያብረቀርቁ ለድኻው ሕመምተኛ ምንም አልጠቀሙትም። መመዘኛው በመሥሪያ ቤት የተሰበሰበው ቁጥር ሳይሆን ከሁሉ ርቆ ከሚኖረው ሰው ላይ የተነሣለት መመላለስ ነው።

ርቀቱ በቁጥር ሲታይ

በአገራችን የሕክምና አደረጃጀት በየቀበሌው ጤና ኬላ አለ። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። በላዩ በገጠር እስከ 25,000 ሕዝብ የሚያገለግል ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ የሚያገለግል የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይገኛል። አጠቃላይና ስፔሻላይዝድ የሚባሉት ሆስፒታሎች ከዚያ በላይ ናቸው። በእኛ አካባቢ ሰዉ በመጨረሻ የሚላክበት በሆሳዕና የሚገኘው በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። ከዚያ ያለፈው ወደ 230 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይሄዳል። በየደረጃው አንድ ወረቀት፣ በየደረጃው አንድ መናኸሪያ አለ።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህን ርቀት ለማሳጠር የተወሰደ ትልቅ እርምጃ ነበር። ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀበሌ የተወለዱ ሁለት ወጣት ሴቶች በየጤና ኬላው ተመደቡ። በመላው አገሪቱ ቁጥራቸው ከ30,000 አልፏል። ክትባቱን፣ የእርግዝና ክትትሉን፣ የወባ መከላከሉን ሥራ ወደ ደጃፍ ያመጡት እነርሱ ናቸው።

እንዲህም ሆኖ ልዩነቱ አልጠፋም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተከናወኑት 26 ብቻ ነበሩ። ከተማና ገጠር ሲለያዩ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል፤ በከተማ ከ100 ወሊዶች 79ኙ፣ በገጠር ግን 20ው ብቻ በጤና ተቋም ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት የአገሪቱ አማካይ ወደ 48 ከፍ ብሏል። ይህ የሚያስመሰግን ለውጥ ነው። ሆኖም በዚያ ዓመት እንኳ ከግማሽ የሚበልጡት እናቶች ከጤና ተቋም ውጭ ወልደዋል ማለት ነው።

መልእክት ከዚህ በፊት እንዴት ይመላለስ ነበር?

የሆሳዕናው ሆስፒታል የተሰየመላት ንግሥት እሌኒ የሐድያ ተወላጅ እንደነበረች ታውቃላችሁ። ለፖርቱጋል ንጉሥ እርዳታ ጠይቃ የጻፈችውን ደብዳቤ የያዘው መልእክተኛዋ ማቴዎስ ሊዝበን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1514 ሲሆን፣ የመልሱ መልእክተኞች ኢትዮጵያ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1520 ነው። ለንግሥት እንኳ መልእክት ይህን ያህል ይዘገይ ነበር። በእኛ ዘመን መልእክቱ በአንድ ቅጽበት ባሕር ይሻገራል፤ ከጊምቢቹ ጤና ጣቢያ እስከ ሆሳዕና ሆስፒታል ግን ዛሬም ብዙ ጊዜ በታማሚው ኪስ ውስጥ ሆኖ በመኪና ይጓዛል።

ከእናንተ መካከል ዕድሜያቸው የገፋ ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያን ያስታውሳሉ። ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲያሰራጭ ስለ ጤና፣ ስለ እርሻና ስለ ቤተሰብ ኑሮ የሚያስተምሩ ፕሮግራሞችም ነበሩት። ስለ ራዲዮ ሁለት ነገር ልብ እንበል። በአንድ በኩል ራዲዮ ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ አድማጩ «የእኔ ልጅ ግን እንዲህ ሆኗል» ብሎ ሊጠይቀው አይችልም። በሌላ በኩል አንድ ራዲዮ ያለው ቤት ለመንደሩ ሁሉ ይበቃ ነበር፤ ያልተማረውም፣ ገንዘብ የሌለውም እኩል ይሰማ ነበር። የዛሬው ስልክ መስማትም መናገርም ይችላል። ነገር ግን የአንድ ሰው ንብረት ነው፤ ባለቤቱ ካላካፈለ ለጎረቤት አይደርስም። የራዲዮውን መልካም ጠባይ ከስልኩ መልካም ጠባይ ጋር ማጣመር የእኛ ሥራ ነው።

ታብሌቱ በጤና ኬላ

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የእያንዳንዱን ቤተሰብ የጤና ነገር «የቤተሰብ ማኅደር» በሚባል የወረቀት ማኅደር ሲመዘግቡ ኖረዋል። ማኅደሩ በመደርደሪያ ላይ በየጎጡ ተለይቶ ይቀመጣል። የክትባት ቀን የደረሰ ሕፃን ወይም የክትትል ወር የገባች ነፍሰ ጡር ካለች ካርዱ በወሩ ሣጥን ውስጥ ይገባል። መልካም አሠራር ነው፤ ነገር ግን ሠራተኛዋ ለአንድ ሺህ ቤተሰብ ካርድ ስታገላብጥ ውላ ቤት ለቤት የምትሄድበት ቀን ያልቅባታል።

ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጤና ሚኒስቴር ይህንኑ ማኅደር ወደ ታብሌት የሚያዛውር የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ማስፋፋት ጀመረ። ሠራተኛዋ ቤተሰቡን አንድ ጊዜ ትመዘግባለች። ከዚያ በኋላ በዚህ ሳምንት ክትባት የሚደርሰውን ሕፃንና የክትትል ጊዜዋ የደረሰውን ነፍሰ ጡር ታብሌቱ ራሱ ያስታውሳታል። ኔትወርክ በሌለበት ጎጥም ይሠራል፤ የተመዘገበውን ይዞ ይቆይና ኔትወርክ ሲያገኝ ያስተላልፋል።

ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ክፍሉ ነው። ሥርዓቱ ለጤና ጣቢያውም የሪፈር መቀበያ አለው። ሠራተኛዋ አንዲትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ ስትልክ መልእክቱ ከእናቲቱ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። እናቲቱ ካልደረሰች ጤና ጣቢያው ይጠይቃል፤ ከደረሰችና ከታከመች ደግሞ መልሱ ወደ ጤና ኬላው ይመለሳል። ሦስተኛው ጉዞ ያልነውን ጉድለት የሚሞላው ይኸው ነው።

እስቲ በምሳሌ እንየው። በሶሮ ቆላ፣ ወደ ግቤ በሚወርደው ዳገት ላይ የምትኖር አንዲት ነፍሰ ጡር እንበል። እግሯ አብጧል፣ ራሷን ያማታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደም ግፊቷን ለክታ ከፍ ማለቱን ታያለች። በድሮው አሠራር ወረቀት ጽፋ ትልካታለች፤ እናቲቱም «ነገ እሄዳለሁ» ብላ ትቀራለች፤ የሚፈልጋት የለም። በአዲሱ አሠራር ጤና ጣቢያው እንደምትመጣ አስቀድሞ ያውቃል። እስከ ማታ ካልመጣች ይደውላል፣ አምቡላንስ እንዲፈለግም ያደርጋል። ከፍ ያለ ደም ግፊት በእርግዝና ጊዜ እናትን የሚገድል ነገር ነው። እዚህ ላይ የአንድ ቀን መዘግየት ሕይወት ነው።

ሐኪም ከሐኪም ጋር

ሁለተኛው የመሣሪያዎቹ ጥቅም የሩቁን ሐኪም ምክር ማቅረብ ነው። በዚህ ረገድ አገራችን ጀማሪ አይደለችም። በ1999 ዓ.ም. በሕንድ መንግሥት እርዳታ በተቋቋመ የሙከራ መስመር አማካይነት በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና የነቀምቴ ሆስፒታል በሃይደራባድ ከሚገኝ ሆስፒታል ጋር ተገናኝተው ነበር። ያ ሙከራ በሳተላይትና በኬብል የተዘረጋ፣ ልዩ ክፍልና ልዩ ዕቃ የሚጠይቅ ነበር። ዛሬ በወረዳ ሆስፒታል ያለ ወጣት ሐኪም የራጁን ፎቶግራፍ በስልኩ አንሥቶ ለቀድሞ መምህሩ በቴሌግራም ይልካል፤ መልሱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያገኛል። ይህ ብዙ በሽተኞችን ከአዲስ አበባ ጉዞ ሊያድን የሚችል ነገር ነው። ነገር ግን በግል ወዳጅነት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ መምህር የሚያውቅ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ይጠቀማል፤ የሌለበት ይቀራል። የሕመምተኛውም ምስል በማን እጅ እንደቀረ አይታወቅም። ስለዚህ ሥርዓት ያስፈልገዋል።

ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም የምንማረው አለ። በደቡብ አፍሪካ በነሐሴ 2006 ዓ.ም. የተጀመረ አንድ አገልግሎት ነፍሰ ጡሮችን በክሊኒክ መዝግቦ ስለ እርግዝናቸው በየሳምንቱ አጭር የስልክ መልእክት ይልክላቸዋል። የሚልከውም በአገሪቱ ዐሥራ አንድ ቋንቋዎች ነው፤ ተራ ስልክም ይበቃዋል፤ እናቲቱም መልሳ ልትጠይቅ ትችላለች። በሩዋንዳ ደግሞ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው የሌለባቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች በተራራ ላይ ላሉ ሆስፒታሎች ደም ያደርሳሉ። የሩዋንዳው ምሳሌ የሚያስደንቀው በአውሮፕላኑ ብቻ አይደለም። ከሆስፒታሉ «ይህ ዐይነት ደም ያስፈልገናል» የሚል መልእክት ይላካል፤ ደሙ ወደ እናቲቱ ይሄዳል፤ እናቲቱ ወደ ደሙ አትሄድም። የእኛም ተራሮች ከዚያ አያንሱም።

ልዩነትን የሚያሰፋ መሣሪያ

ወገኖቻችን፣ እስካሁን ያልነው መልካሙን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብናቆም ግን ሥራችን ጎደሎ ይሆናል። አንድ መሣሪያ ልዩነትን የሚያጠብበውን ያህል ሊያሰፋም ይችላልና።

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ከ80 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ተነግሯል። ደስ የሚያሰኝ ቁጥር ነው። ነገር ግን የደንበኛ ቁጥር የሰው ቁጥር አይደለም፤ ሁለት ሲም ካርድ የያዘው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ ምንም የሌላት እናት ግን አትቆጠርም። ቀደም ብለን በጠቀስነው የ2008 ጥናት የራሳቸው ስልክ የነበራቸው ከ100 ሴቶች 27 ያህሉ ብቻ ሲሆኑ ከወንዶች ግን 55 ያህሉ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ስልክ በዝቷል፤ ሆኖም በቤት ውስጥ ስልኩ የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ባል ወደ ገበያ ሲሄድ ስልኩ አብሮት ይሄዳል። ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ወይም ስለ ደም ምርመራ ውጤት የተላከ መልእክት ከባለቤቷ በፊት ሌላ ሰው ሊያነበው ይችላል። ይህ ለአንዳንዷ ሴት ከሕመሙ የባሰ አደጋ ነው።

ሁለተኛው የቋንቋና የንባብ ጉዳይ ነው። በዚያው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች ማንበብ የሚችሉት ከ100 ውስጥ 42ቱ ብቻ ነበሩ፤ ከወንዶች ግን 69ኙ። በእኛ አካባቢ ደግሞ በጓዳዋ ሐድይኛ ወይም ከምባትኛ ብቻ የምትናገር እናት ብዙ ናት። በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ለእርሷ ዝም እንዳለ ስልክ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋ በድምፅ የሚላክ መልእክት ግን ያልተማረችውንም ይደርሳታል። ድምፅ ደግሞ የማይደርሳቸው ወገኖች አሉ። በሆሳዕና መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት መኖሩን ታውቃላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ሕዝቡ በ8335 እንዲደውል ሲነገር፣ መስማት የተሳነው ሰው በስልክ ድምፅ ምን ያደርጋል? ለእርሱ የጽሑፍ ወይም የምልክት ቋንቋ በምስል ያስፈልገዋል። ስለዚህ አንድ መንገድ ለሁሉ አይበቃም።

ሦስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። በሐድያና በከምባታ ብዙ ቤተሰብ በደቡብ አፍሪካ ልጅ ወይም ወንድም አለው። ከዚያ የሚላክ ገንዘብና ስማርት ስልክ ብዙ ቤት አብርቷል። ስለዚህ በአንድ መንደር ውስጥ እንኳ ከውጭ የሚላክለት ቤት በስልኩ ሐኪም ሲያማክር፣ ጎረቤቱ ካርድ የሚሞላበት አምስት ብር ያጣል። አገልግሎቱ ዳታ የሚያስከፍል ከሆነ አስቀድሞ የሚጠቀመው አስቀድሞም የነበረው ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተሞከረውና በኋላ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የተጀመረው ሕክምና የገንዘብ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ስልክ ያንን አይተካም።

አራተኛው መብራትና ጉልበት ነው። ታብሌት መብራት በሌለበት ጤና ኬላ በሦስተኛው ቀን ይጠፋል። ደግሞም ሠራተኛዋ አንዱን ነገር በወረቀትም በታብሌትም ሁለት ጊዜ እንድትመዘግብ ከተደረገ፣ መሣሪያው እንዲያግዛት ተሰጥቶ ሸክም ይሆንባታል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ስለነዚህ መሣሪያዎች መመሪያ ሲያወጣ፣ መሣሪያዎቹ በሚገባ የሚሠራ የጤና አገልግሎትን የሚደግፉ እንጂ የሚተኩ እንዳልሆኑ አጥብቆ ያስገነዘበው ስለዚህ ነው። መድኃኒት በሌለበት ጤና ጣቢያ ቀጠሮን በስልክ ማስታወስ ሰውን ወደ ባዶ መደርደሪያ መጥራት ነው።

የምንጠይቃቸው አምስት ጥያቄዎች

እንግዲህ አንድ ድርጅት፣ መሥሪያ ቤት ወይም ነጋዴ «አዲስ የጤና መሣሪያ አምጥተናል፤ ተባበሩን» ብሎ ሲመጣ በስብሰባ ፊት አምስት ጥያቄ እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ይህ መሣሪያ የትኛውን ጉዞ ያስቀራል? ከየት እስከ የት? መልሱ ግልጽ ካልሆነ ይቆየን።

ሁለተኛ፣ ስልክ የሌላት፣ ማንበብ የማትችል፣ አማርኛ የማትሰማ እናት በምን በኩል ትገባለች? በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል ከሆነ መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ መልሱ ተመልሶ ወደ ቀበሌው ይደርሳልን? ወይስ መረጃው ወደ ላይ ብቻ ወጥቶ በዚያው ይቀራል?

አራተኛ፣ የሕመምተኛውን ምሥጢር ማን ይጠብቃል? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ እንዲደረግለት ይደነግጋል። የሕመምተኛን ነገር በእጁ የያዘ ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት።

አምስተኛ፣ እርዳታው ሲያልቅ ማን ይጠግነዋል፣ ማን ይከፍልለታል? በየመጋዘኑ ተቆልፈው የቀሩትን ዕቃዎች ሁላችንም አይተናል።

ከእኛ የሚጠበቀው

የፕሮጀክት ባልደረቦቻችን፣ ከእናንተ የምንጠብቀው ቁጥር ስትሰበስቡ የታብሌቱን ብዛት ብቻ ሳይሆን የተረፈውን ጉዞ እንድትቆጥሩ ነው። በአንድ ወር ከጤና ጣቢያችሁ ወደ ሆስፒታል ስንት ሰው ተላከ? ስንቱ ደረሰ? ስንቱ «ነገ ና» ተብሎ ተመለሰ? ስለ ስንቱስ መልስ ወደ ቀበሌው ደረሰ? እነዚህን አራት ቁጥሮች በአንድ ደብተር ላይ መጻፍ ታብሌት አይጠይቅም። ታብሌት ሲመጣ ግን ጠቅሞ እንደሆነና እንዳልሆነ የምታውቁት በእነርሱ ነው። ደብተሩን ዛሬ ጀምሩት።

የአጥቢያ ሽማግሌዎች፣ እናንተ ደግሞ ማንም መሐንዲስ የሌለው ነገር አላችሁ፤ በየሳምንቱ የሚሰበሰብ ሕዝብ። የጸሎት ቤቱ የፀሐይ ኃይል መብራት ካለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታብሌቷን ቻርጅ እንድታደርግበት ፍቀዱላት። ማንበብ የሚችሉ ወጣቶች የጎረቤታቸውን የቀጠሮ መልእክት እንዲያነቡ፣ ያነበቡትንም በሆዳቸው እንዲይዙ አስተምሯቸው። የክትባት ቀን በሐድይኛና በከምባትኛ ከማስታወቂያዎቻችሁ ጋር ይነገር። የሴቶች ማኅበር ደግሞ ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚሆን አንድ የጋራ ስልክ በታመነች ሴት እጅ ቢያኖር፣ ስልኩ ባል ወደ ገበያ ይዞት የሚሄድ አይሆንም። ዕድሮችም ለሞት የሚያዋጡትን ያህል ለአምቡላንስ ነዳጅ ጥቂት ቢያስቀምጡ፣ መልእክቱ በደረሰበት ሰዓት መኪናው ይነሣል።

ደጋፊዎቻችን የምትልኩልን ገንዘብ ለዕቃ መግዣ ብቻ እንዲውል አንፈልግም። አንድ ታብሌት በአንድ ቀን ይገዛል። ሠራተኛዋን ማሠልጠን፣ መልእክቱን በአካባቢው ቋንቋ ማዘጋጀት፣ ባትሪውን መለወጥ፣ ኔትወርክ የጠፋበትን ጎጥ መጠየቅ ግን ዓመታት የሚወስድ ሥራ ነው። ስጦታችሁ ለዚህ ለማይታየው ክፍል እንዲውል እንድትፈቅዱልን እንለምናችኋለን። የታብሌት ፎቶግራፍ ልንልክላችሁ እንችላለን። የቀረ ጉዞ ግን ፎቶግራፍ የለውም። በደብተሩ ላይ ያለውን ቁጥር እንልክላችኋለን።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ብዙ መሥሪያ ቤት ወደዚህ መጥቷል፤ ብዙ ስብሰባም ይደረጋል። ስለ አዳዲስ መሣሪያዎች ውሳኔ የሚሰጥባቸው ጠረጴዛዎች ዛሬ ከመናኸሪያው ብዙ አይርቁም። እንግዲህ የሩቁ ቀበሌ ሰው በዚያ ጠረጴዛ እንዲታሰብ የማድረጉ ኃላፊነት የእኛ ነው። በሚቀጥለው የሩብ ዓመት ስብሰባችን ከየወረዳው አራቱን ቁጥሮች ይዛችሁ እንድትመጡ አደራ እንላለን።